የጣሪያ ቁልፍ የያዘው ሰው

ሰኞ፣ ጥር 6

ጠዋት አራት ስልክ። አንዱ የተሳሳተ ቁጥር፣ አንዱ ሶፋ ታጥባላችሁ ወይ ባይ፣ አንዱ ዋጋ ሰምቶ የዘጋ፣ አንዱ ሥራ። አምና በዚህ ሳምንት በአንድ ጠዋት ዘጠኝ ነበር።

የምንሠራው የውሃ ታንከር እጥበት ነው። ሁለት ሠራተኞች አሉኝ። አንዱ ታንከር ውስጥ ይገባል፤ ጠላቂው እንለዋለን፣ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ሌላው ረዥሙ ነው፤ በታንከር አፍ ስለማያልፍ ላይ ሆኖ ፓምፑን ይይዛል። ስልኩ እንዲህ ከቀጠለ ሚያዝያ ሲያልቅ ሁለቱንም ማሰናበት አለብኝ። ለእነሱ አልነገርኳቸውም። ግን ስልኩ በጠራ ቁጥር ሁለቱም ቀና ይላሉ።

የአጎቴ ልጅ ልጅ ውጭ አገር ነው። የሰው ድርጅት ገጽ እያዘጋጀ ይኖራል ይባላል። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሱቃችን ሁለት መንገድ ዝቅ ብላ ትኖራለች። «ጻፊለት እንጂ። ለባዳ የሚመክር ለዘመዱ ምላሱ ይታሰራል?» አለችኝ። በስልክ የተነገረ ምክር በማግስቱ ይጠፋል፤ የተጻፈውን ግን ባለቤቱ ሊክደው አይችልም። ስለዚህ በኢሜይል ደብዳቤ ላክሁለት። የእኔንም የእሱንም እዚህ ማስታወሻዬ ላይ እገለብጣለሁ።

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ልጅ፣

እንደ ምን ሰንብተሃል? ጤናህ ይብዛ፣ እጅህ የነካው ይቅና፣ ክፉ ጎረቤት አይግጠምህ። እኛ ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት፤ ትናንት መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ መነጽሯን ስትፈልግ አገኘኋት።

የጻፍኩልህ ለሥራ ነው። አምስት ቦታ ገጽ አለን። ታንከር እናጥባለን፣ ሶፋ እናጥባለን፣ ቀለም እንቀባለን፣ እቃ እናዘዋውራለን ብለን ለጥፈናል። ሶፋውን ያጠብነው ሁለቴ ነው። በየቀኑ «መልካም ቀን» ከአበባ ጋር እንለጥፋለን፤ ሰው ልብ ይሰጠናል። ልብ ግን ታንከር አያሳጥብም። ምን እናድርግ? እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ምክንያቱን ሳትነግረኝ «አድርጊ» ብትለኝ አላደርገውም።

አክስትህ

እሑድ፣ ጥር 12

ዛሬ መልስ መጣ። እሑድ ነው፣ የእረፍት ቀኑ።

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ከልብ የሆነ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ቤትዎ አይጉደል። እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ሥራም በዝቶብኛል።

ገጽዎን አየሁት። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሁሉም ነገር የተወረወረበት መሳቢያ ይመስላል። አባቴ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይሉ ነበር፤ እርስዎ አምስት ዛፍ ላይ ነዎት። ሶፋውን፣ ቀለሙን፣ እቃ ማዘዋወሩን ያጥፉ። ምክንያቱም ሰው ሁሉን እሠራለሁ የሚል ሰው ሲያይ አንዱንም በደንብ አይሠራም ብሎ ነው የሚያስበው። አበባውንም ያጥፉ።

ከዚያ የደወለውን ሁሉ «የት አይተውን ነው?» ብለው ይጠይቁና ይመዝግቡ። ደዋይ ከሚመጣበት ገጽ በቀር ሌሎቹን ይዝጉ። አራት ባዶ ሱቅ ከመክፈት አንድ የሞላ ሱቅ ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን ለማን እንደሚያወሩ ይወቁ። «ለሁሉም ሰው» ማለት ለማንም ማለት ነው። አንድ ሰው ይምረጡ፤ ፊቱ የሚታይዎት፣ ምን እንደሚያስጨንቀው የሚያውቁት ሰው። ደንበኛ በስልክ የሚጠይቅዎትን ጥያቄ ይጻፉና በሳምንት ሁለቴ ብቻ፣ አንድ ጥያቄ እየመለሱ ይለጥፉ። ማብቂያው ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ይደውሉ። የሚቆጥሩት ስልክ ይሁን፤ ልቡን ይተዉት።

ለእናቴ ደህና ነው ይበሉልኝ።

አክባሪዎ

ምክንያት አለው። ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሥራ ከገጹ አጠፋን። ረዥሙ ቀለም መቀባቱ ሲጠፋ ቅር አለው፤ አንድ ቀን እቀባለሁ ብሎ ያስብ ነበር መሰለኝ።

እሑድ፣ የካቲት 3

የዚህ ሳምንት ስልክ አሥራ ሦስት፣ ሥራ የሆነው ስምንት።

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ልጅ፣

ሰላምህ ይብዛ፣ ዓይንህ ክፉ አይይ። እኛ ደህና ነን።

ሦስት ሳምንት ጠየቅሁ፤ ሠላሳ አንድ ደዋይ። አሥራ ዘጠኙ የየሕንፃው ጥበቃዎች ናቸው። ገርሞኛል። እኔ ስለጥፍ የነበረው ለእማወራዎች ነው፤ «ለልጆችዎ ጤና» እያልኩ። እማወራዋ ታንከሩን አይታው አታውቅም። ውሃ ከቧንቧ ይመጣል፣ በቃ። የጣሪያውን ቁልፍ የያዘው ጥበቃው ነው። ውሃ ሲሸት የሚሰደበው እሱ፣ ባለቤቱ «ሰው ፈልግ» ሲለው ስልኩን የሚከፍተው እሱ። ማታ ተቀምጦ ስልኩን የሚያይ ደግሞ ከእሱ በላይ የለም።

ስለዚህ ላንተ አንድ ሰው አገኘሁልህ። ስንት ሰዓት ውሃ ይቋረጣል፣ መሰላል ይዛችሁ ትመጣላችሁ ወይ፣ ደረጃውን ታጨቀያላችሁ ወይ፤ የሚጠይቁኝ ይህን ነው። ሦስቱንም በአጭር ቪዲዮ መለስን። ጠላቂው ነው የተናገረው። «ደረጃ አናጨቀይም፤ ካጨቀየን ረዥሙ ይወለውላል» አለ። ረዥሙ ሳይስማማ ተለጠፈ።

አክስትህ

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

መልሱ በሁለት ቀን ደረሰ። በእነሱ ሰዓት ሲሰላ የላከው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። አራት ገጽ። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ አራት ገጽ የሚጽፍ ሰው ወይ አለቃ የለውም፣ ወይ ሥራ የለውም። ሁሉን አልገለብጠውም።

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምና ጤና ከነቤተሰብዎ ይሁንልዎ። እኔ እጅግ ደህና ነኝ።

የጥበቃው ነገር ድንቅ ነው። እኔ ጋ ሰዎች ይህን ለማወቅ ብዙ ይከፍላሉ። አሁን የጎደለው ማስረጃ ነው። ሰው የሚያምነው ያየውን ነው። ከመታጠቡ በፊት ያለውን ጭቃ ያሳዩ፣ ከታጠበ በኋላ ያለውን ያሳዩ። አንድ ጠንካራ ቪዲዮ ከሃያ ደካማ ይበልጣል። ጭቃው በበዛ ቁጥር ይሻላል። ሲያነሱ ለእኔም ይላኩልኝ፤ ለሥራዬም ይጠቅመኛል።

ለእናቴ ሥራ በዝቶበት ነው ይበሉልኝ።

አክባሪዎ

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ስልክ በጠዋት ሰባት። አጭር ደብዳቤ ላክሁ፦ «የሰውን ጉድ ማሳየቱ አልተዋጠልኝም። ደግሞ በሥራ ሰዓት ነው የምትጽፈው፤ አለቃህ አይቆጣም?» መልሱ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጣ፦ «ፊትና የሕንፃ ስም ካልታየ የማንም ጉድ አይደለም አክስቴ። የምሠራው ከቤት ነው።» ሌላ የለውም። ለእናቱ የሚል መልእክት እንኳ ረስቷል።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

በሠፈራችን ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ላይ ሠራን። ሁለት ዓመት ያልታጠበ ታንከር ነው። ክዳኑ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ጥበቃው አሮጌ የማስታወቂያ ሰሌዳ በላዩ ጥሎ ድንጋይ ጭኖበታል። ጭቃው አራት ጣት ይደርሳል፤ ላባ አለው፣ አንድ የጫማ ሶልም ወጥቷል።

ጥበቃውን ታንከሩን በቪዲዮ ላንሳው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሃምሳን ያለፈ፣ ዝምተኛ ሰው ነው።

«ያንሱት እትዬ። ጣሪያ ላይ ማን ይወጣል ብለው ነው» አለኝ። መብራቱን ራሱ ያዘልን።

ጠላቂው ገባ።

«ይኸው ተዋናይ ሆንክ» አለው ረዥሙ ከላይ።

«ተዋናይ ጭቃ ይዝቃል?»

«አንተ የምትችለው እሱን ነው። ፈገግ በል፣ እየተነሣህ ነው።»

«እዚህ ውስጥ ሆኜ ለማን ነው የምስቀው? ለሶሉ?»

ይህም ገባ በቪዲዮው። ፊት አለመታየቱን፣ ስም አለመታየቱን ሁለቴ አይቼ ለጠፍኩት። ባለቤቱን አልጠየቅሁም። ጥበቃው ፈቀደልኝ ብዬ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 25

ቪዲዮውን አርባ አንድ ሺህ ሰው አይቶታል። የሳምንቱ ስልክ ስድስት። ከስድስቱ አራቱ የደወሉት «ሶሉ የማን ነው?» እያሉ ሊቀልዱ ነው። ያለፈው ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ለዛሬ ቀጠሮ ይዞ ወደነበረ አንድ ጥበቃ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ለጊዜው አይምጡብኝ።»

«ምን ተገኘ?»

«የሕንፃው ባለቤት ቪዲዮውን አይታ የኛስ እንዴት ነው እያለችኝ ነው።»

«መልካም አይደል? እናጥበዋለን።»

«ጭቃ ቢገኝ የሚጠየቀው ማን ነው? ቁልፉ እኮ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ለመካሪያችን ጻፍኩለት። ማታውኑ መልስ ላከ፤ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። አርባ አንድ ሺህ የሚለውን ቁጥር አራት ቦታ ጽፎታል። ስለ ስድስቱ ስልክ «ይመጣል፣ ጊዜ ይፈልጋል» ብሎ አለፈው። ራሱ ነበር ስልክ ቁጠሪ ያለኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ጠዋት አንድ ስልክ። ከዚያ የባለ ስምንት ፎቁ ጥበቃ በእግሩ መጣ። የደንብ ልብሱን አልለበሰም። ወንበር ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም።

«አሰናበቱኝ እትዬ።»

«በቪዲዮው?»

«በሰሌዳው።»

ስልኬን አውጥቼ አየሁ። ክዳን ተደርጎ የተጣለው አሮጌ ሰሌዳ ላይ የሚስቅ ጥርስ ተሥሏል። በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ባለው የጥርስ ሐኪም በር ላይ ለዓመታት ተሰቅሎ የነበረው ነው። ያን ጥርስ የማያውቅ ሰው በሠፈሩ የለም። እኔ ጭቃውን እያየሁ ጥርሱን አላየሁትም። የሐኪሙ ታካሚዎች ግን አይተውታል፤ «በዚህ ውሃ ነው አፋችንን የምታስጉመጠምጠን?» ብለው ጠይቀውታል። ሐኪሙ ለባለ ሕንፃው ደወለ፤ ባለ ሕንፃው ጥበቃውን ጠራ።

«እንዲታጠብ ነግሬዎት ነበር አልከው?»

«ሦስቴ ነግሬአቸው ነበር። ይቆይ ነው ያሉኝ። አሁን ይህን ብላቸው ምን ይሆናል? እሳቸው ባለ ሕንፃ ናቸው።» ቀጥሎም «ረቡዕ ሌላ ሰው ይገባል፤ ክፍሉንም እስከዚያ ልቀቅ ብለውኛል» አለ። የሚኖረው እዚያው በሩ ሥር ባለች ክፍል ነው፣ ከሚስቱ ጋር።

ለባለ ሕንፃው ደወልኩ።

«አንቺ ነሽ ባለ ቪዲዮዋ?»

«እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላስፈቅድዎ ነው የለጠፍኩት።»

«ጥፋትሽን ለእኔ ሳይሆን ላዩት ሰዎች ንገሪያቸው። ቪዲዮውን አጥፊ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለጠፍን ብለሽ እዚያው ገጽሽ ላይ ጻፊ። ያኔ ሰውየውን እመልሰዋለሁ። እስከ ረቡዕ ጠዋት።»

«ካደረግሁት ይመለሳል?»

«ብያለሁ።»

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ነገሩን በአጭሩ፦ ሰሌዳው ታወቀ፣ ጥበቃው ተባረረ። እስከ ረቡዕ ካላጠፋሁት ክፍሉንም ይለቃል። ዛሬ አጠፋዋለሁ። ምክሩ ያንተ ነበርና ቀድመህ እወቅ ብዬ ነው።

አክስትህ

አንድ ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ።

አክስቴ፣

እባክዎ እስከ ሐሙስ ማታ አያጥፉት። ሐሙስ አራት ሰዎች ፊት ቀርቤ የሠራሁትን አሳያለሁ። የማሳየው ይህን ነው። አርባ አንድ ሺህ ያየው ሌላ ሥራ የለኝም። አርብ ጠዋት ያጥፉት፣ ያሉትን ይጻፉ፣ እኔም ይቅርታ እጽፋለሁ። ባለ ሕንፃውን ሁለት ቀን ይለምኑልኝ። ለምኜዎት አላውቅም።

ሰላምታና ምርቃት የሌለው የመጀመሪያ ደብዳቤው ነው። የሥራ ፈተና መሆኑን አልጻፈም። መጻፍም አላስፈለገው።

ባለ ሕንፃውን ለመንኩት፤ አርብ ይሁንልኝ አልኩ። «ረቡዕ አዲሱ ሰው እቃውን ይዞ ይመጣል» ብሎ ዘጋ።

ጠላቂውን አማከርኩት፤ ጉዳዩን ያውቃል።

«ልጁ ዘመድዎ ነው» አለ።

«ነው።»

«ጥበቃውስ ምንዎ ነው?»

«ምኔም አይደለም።»

«እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ» አለና ቱቦውን መጠቅለል ቀጠለ። ከእሱ ምክር ማግኘት ታንከር ውስጥ መርፌ እንደ መፈለግ ነው።

በዘጠኝ ሰዓት አጠፋሁት። የማስተባበያውን ጽሑፍ ራሴ ጻፍኩ፦ «በየካቲት 20 ያለ ሕንፃው ባለቤት ፈቃድ ቪዲዮ ለጥፈን ነበር። ስህተቱ የድርጅታችን ነው። ጥበቃው ጥፋት የለበትም።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ባለ ሕንፃው አላዘዘኝም፤ እኔ ጨመርኩት። ከዚያ ይህን ላክሁ፦

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ልጅ፣

አጥፍቼዋለሁ። ሐሙስህን አውቃለሁ፤ ሳላውቅ አይደለም ያደረግሁት። አንተ ብታጣው ሌላ ሐሙስ ልትፈልግ ትችላለህ። እሱ ረቡዕ ካለፈው ክፍሉን ያጣል፣ በዚያ ዕድሜው የሚቀጥረውም የለም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የእኔ ወለምታ በስልክ ነው፣ ግን አንድ ነው።

ለሐሙስ የሚጠቅምህ ከሆነ ስልኩን ከሳምንት ሳምንት ቆጥሬ ጽፌልሃለሁ፦ አንተ ከመምከርህ በፊት በሳምንት ስምንት፣ ከመከርከኝ በኋላ አሥራ ሦስት፣ ከዚያ አሥራ ዘጠኝ። ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ስድስት። የመጨረሻውን አልደበቅሁም፤ አንተም አትደብቅ።

መንገድህ ይቃና።

አክስትህ

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

ጠዋት ሁለት ስልክ። ጥበቃው ተመልሷል። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየሁት፤ በሩ ላይ ቆሟል፣ የደንብ ልብሱን ለብሷል። አልተሻገርኩም።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ጠዋት ሦስት ስልክ። ከውጭ መልስ የለም። እናቱ ሱቅ ድረስ መጣች። «ደወለ፣ ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። አንቺ ጋ ይጽፋል አይደል?» አለችኝ።

«ይጽፋል።»

«ምን ይላል?»

«ስለ ታንከር።»

«ስለ ታንከር» አለች። ከዚያ ሄደች።

አዲስ አሠራር ጀመርን። የ«በፊት»ን ፎቶ አሁንም እናነሣለን፤ ግን ገጹ ላይ አይወጣም። ለጥበቃው ስልክ ብቻ እንልከዋለን። ለባለቤቱ የሚያሳየው እሱ ነው፣ ባይፈልግም የራሱ ጉዳይ ነው። ገጹ ላይ የምናወጣው የታጠበውን ነው፤ ለዚያም ባለቤቱን እናስፈቅዳለን። በሥሩም «ታንከሩ እንዲታጠብ የጠራን የሕንፃው ጥበቃ ነው» እንላለን። ረዥሙ «ሙገሳውን ለእነሱ ሰጠናቸው፣ ለእኛ ምን ቀረ?» አለ። ስልኩ አልኩት።

ሰኞ፣ መጋቢት 16

ጠዋት ስምንት ስልክ። ደብዳቤም መጣ።

ይድረስ ለአክስቴ፣

ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጤናዎን እመኛለሁ።

ሥራውን አላገኘሁም። በቪዲዮው ምክንያት አይደለም ብል ዋሸሁ፤ በቪዲዮው ምክንያት ነው። ገጹን ስከፍተው ማስተባበያዎ ወጣ። አንዷ አነበበችውና «ይህን የመከርከው አንተ ነህ?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኩ። የእርስዎን የስልክ ቁጥሮች አሳየኋቸው። ተመለከቱት፣ አመሰገኑኝ። በማግስቱ ሌላ ሰው መውሰዳቸውን ነገሩኝ።

ከኅዳር ጀምሮ ሥራ የለኝም። እርስዎ ሳያውቁት አይቀርም። አሥር ቀን ተቆጥቼ ቆየሁ። ዛሬም አልበረደልኝም። ግን ሰውየው ተመልሶ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።

ለእናቴ ምንም አይበሉ፤ እኔ እነግራታለሁ።

የአጎትዎ ልጅ ልጅ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ልጅ፣

ጤናህን ይጠብቅልኝ። ሰውየው ተመልሷል። ብትቆጣ አልፈርድብህም፤ ነገ ቢደገም ግን ያንኑ አደርጋለሁ።

አሁን ወደ ሥራ። አሁን የምናደርገውን ከዚህ በታች ጽፌልሃለሁ። በሳምንት ሁለት ጽሑፍ የሚያዘጋጅልኝ፣ በወር አንዴ ስልኩ ከየት እንደመጣ አይቶ ይህን ተዪ፣ ይህን ቀጥዪ የሚለኝ ሰው እፈልጋለሁ። ክፍያው ትንሽ ነው፤ አንተን አያኖርህም፣ ሥራ ፍለጋህንም አያስቆምህም። እርዳታ አይደለም፤ የማያዋጣኝን እርዳታ ለማንም አልሰጥም። ዋጋህን ጻፍ፤ እከራከርሃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ከእንግዲህ ማንኛውንም ነገር ከመለጠፋችን በፊት «ይህን ያየ ሰው ማንን ይጠይቃል?» ብለን እንጠይቅ። አርባ አንድ ሺህ ሰው አይቶ የተጠየቀው አንድ ሰው ነው።

አክስትህ

እሑድ፣ መጋቢት 22

ይድረስ ለአክስቴ፣

እንደ ምን ሰነበቱ? ሰውነትዎ ብርቱ፣ ሠራተኞችዎም ሰላም ይሁኑ።

ዋጋዬን ከዚህ በታች ጽፌያለሁ። ይከራከሩ። ከግማሹ በታች አልወርድም።

የጻፉትን ሁለቴ አነበብኩት። ጥበቃዎቹን አንድም ቀን አናግሬ አላውቅም፤ ስለ እነሱ ግን አራት ገጽ ጽፌያለሁ። ከመጀመሬ በፊት ከሦስቱ ጋር በስልክ አገናኙኝ። ባለ ስምንት ፎቁን ግን አይደለም፤ ከእሱ ጋር ምን እንደማወራ አላውቅም።

ለእናቴ ነገርኳት። «ከኅዳር ጀምሮ ሥራ በዛብኝ ማለትህ ሲበዛ ሥራ እንዳጣህ ገብቶኝ ነበር» አለችኝ።

የአጎትዎ ልጅ ልጅ

ሰኞ፣ መጋቢት 23

ጠዋት አሥራ አንድ ስልክ። ስምንቱ ጥበቃዎች።

ዋጋው በዝቷል፤ ሁለት ሦስተኛውን እሰጠዋለሁ። ሠራተኞቹን ሚያዝያ ላይ የማሰናበቱን ነገር ለጊዜው ሰርዤዋለሁ። አሁንም አልነገርኳቸውም።

ባለ ሕንፃው ደወለ። ጥርስ ሐኪሙ በየሦስት ወሩ ታንከሩ መታጠቡ ካልተረጋገጠልኝ ቤቱን እለቃለሁ ብሎታል። ሌላ አጣቢ ጠርቶ ነበር፤ ሐኪሙ «ማን አየ?» ብሎ አላመነውም።

«እንግዲህ እናንተ ስታጥቡ እኔ ራሴ አይቼ ልንገረው» አለኝ። «ጣሪያው ላይ ወጥቼ አላውቅም። መወጣጫው እንዴት ነው?»

«ጥበቃዎ ያውቀዋል» አልኩት።

ነገ፦ ባለ ስምንት ፎቁ፣ በሦስት ሰዓት። ረዥሙ መሰላሉን በሁለት ተኩል ያድርስ፤ የላይኛው መርገጫ ላልቷል፣ ከመሄዱ በፊት ይጥበቅ።